ቅዳሜያችንን ለምግብ ባንክ ወይስ ብራችንን ለዕድር?

በባሕር ዳር የተወሰኑ ወጣቶች ከጅምላ ነጋዴዎችና ከሆቴሎች የተረፈ ምግብ ሰብስበው ለችግረኞች የሚያድሉበት የምግብ ባንክ ለማቋቋም አስበዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞችም ይፈልጋሉ። አንድ የሽምብጥ የዕድር ጸሐፊና አንዲት የዓባይ ማዶ መምህርት በጉዳዩ ተሟግተዋል።

የዕድር ጸሐፊው፦ የምግብ ባንክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ነው። ጆን ቫን ሄንግል የተባለው ሰው መጋዘን ፈልጎ ምግብ መሰብሰብ የጀመረው ሱቆች ደህናውን ምግብ ሲጥሉ አይቶ ነው። እኛ ዘንድ ምኑ ተርፎ ይጣላል? ገበያ ላይ ጤፍ አልጠፋም፣ ምስር አልጠፋም፤ የጠፋው መግዣው ነው። ብሩ በዕድር በኩል በችግረኛው እጅ ይግባለት፤ ልጆቹ የሚበሉትን እሱ ያውቃል።

የሆቴል ትርፍ የምትሉትም አልገባኝም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሙስሊሙ ጎረቤቴ ደግሞ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ታዲያ የተረፈውን ቀይ ወጥ ዓርብ ማታ የማንን በር አንኳኩታችሁ ልትሰጡ ነው?

ከሁሉ የሚከፋኝ ፎቶው ነው። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች አንዲት እናት መሐል አቁመው፣ የዘይት ጀሪካን አስታቅፈው፣ «እማማ፣ ወደዚህ ይመልከቱ» ሲሉ አይቻለሁ። እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች፣ እነሱ ገለጥ ያደርጉላታል። በእኛ ዕድር ማን እንደተረዳ የምናውቀው ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡና እኔ ነን።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ፎቶውን እኔም እጠላዋለሁ፤ ይከልከል። ወጡንም ይተዉት፤ የምንሰበስበው ዱቄት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይትና ሩዝ ይሁን። የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ እንደሚጋገርበት እዚህ የማያውቅ የለም። ማንጎ ሲደርስ በየጓሮው ወድቆ ዝንብ ሲወርረውም በየዓመቱ እናያለን፤ ምኑ ተርፎ ላሉኝ መልሴ ይኸው ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ዕድርዎ የሚረዳው ማንን ነው? መመዝገቢያ የከፈለውን፣ ወርኃዊ መዋጮ የሚያወጣውን። የቤት ኪራይ ሲጨምርባት ከሰፈር ሰፈር የምትዞረው የቀን ሠራተኛ የየትኛው ዕድር አባል ናት? ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡትስ? የመግቢያውን እንኳ ከየት ያመጡታል? በጎ ፈቃደኛ የምፈልገው በዋናነት ለእነሱ ነው። ጆንያ የሚሸከም በቀን ሥራ ይገኛል። ቤት ለቤት ዞሮ፣ አከራዩን ጠይቆ፣ ከየትኛው ቤት ጭስ እንደማይወጣ የሚያጣራ ሰው ግን በክፍያ አይገኝም። ብሩን ስጡ ሲሉኝ፣ ለማን እንደሚሰጥ ማን ይነግረኛል?

የዕድር ጸሐፊው፦ የአባልነቱ ነገር እውነት ነው፤ አልክድም። ግን የመጋዘኑን ቁልፍ ማን ይይዛል? በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለመላ አገሪቱ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ ለወራት አቋረጡ፤ ለተረጂ የተላከ እህል ወደ ሌላ ሲዞር ስለተደረሰበት ነው። እዚያ ደመወዝተኛም ኦዲተርም ነበረ። የእናንተ በጎ ፈቃደኛ ግን የፈተና ሰሞን ይጠፋል፤ ሽሮውን ነቀዝ ይጨርሰዋል። በዕድር የቀረ ይቀጣል፣ እህቴ። ሰው ለቀብር የሚወጣው ስለሚያዝን ብቻ ይመስልሻል?

መምህርቷ፦ ቅጣቱን ከእናንተ እንውሰደዋ! የቀረ ይክፈል። ሚዛኑ ላይ ሁለት ሰው ይፈርም፤ አንዱ ከእናንተ ይሁን። ገቢና ወጪው በየወሩ በር ላይ ይለጠፍ። ያ እርዳታ ሲቋረጥ ጦሙን ያደረው ተረጂው ነው እንጂ እህሉን የሸጠው አይደለም፤ ስለዚህ ሌባ ይኖራል ብለን ከመጀመሪያው እንተወው ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ደግሞም እናንተ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር የምታስቀምጡበት ቤት አላችሁ፤ ለቅሶ ከሌለ ተቆልፎ ነው የሚውለው። አንዱን ጥግ ቢያውሱንስ?

የዕድር ጸሐፊው፦ ቤቱ የአባላቱ ነው፤ እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ። በሚቀጥለው ጉባኤ ራስሽ መጥተሽ ጠይቂ። የቅጣቱን መጠንና የፈራሚዎቹን ስም ግን በወረቀት ይዘሽ ነይ፤ በቃል ብቻ ከመጣሽ ሽማግሌዎቹ አጀንዳ አያስይዙልሽም። እኔ እንደሆንኩ ያን ቀንም እቃወማለሁ።