ቁጥር አራት

ማክሰኞ ማታ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። ከቦቴ የቀዳሁባቸውን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ደረጃው ሥር አስቀምጬ አራተኛ ፎቅን በሐሳቤ እወጣለሁ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ኮረብታነቱን ግን የሚያውቀው ጀሪካን የተሸከመ ሰው ነው።

አንድ ወጣት ከኋላዬ መጣና «ጋሼ፣ ይተዉት» ብሎ ሁለቱንም አነሳልኝ። እስከ በሬ አደረሰልኝ። ምርቃቴን ሳልጨርስ ስልኩን አወጣ።

«የት ነው የሚሠሩት ጋሼ? ኔትወርኬን እየገነባሁ ነው።»

«እዚህ ቤት ኔትወርክ የለም፤ በረንዳው ጋ ሞክር» አልኩት። የምሬን ነበር።

ለካ ሥልጠና ወስዷል። ሰውን ከልብ እየረዱ ትውውቅ ማስፋት ነው ነገሩ። በቀን አምስት ሰው መርዳት አለበት። እኔ አራተኛው ነኝ። ከእኔ በፊት ሦስት ሰው ከልቡ ረድቷል፤ ስልኩ ላይ ተመዝግበዋል። ጡረተኛ መሆኔን ስነግረው ምን እንደጻፈ አላየሁም። ግን አጭር ነበር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎኝ ወረደ።

ይቺን ተረት እወዳታለሁ። ሰው ሲያበላሻት ያመኛል። እናቴ ፈታይ ነበረች። ድር ብቻውን ጨርቅ አይሆንም፣ ማግ ይፈልጋል ትል ነበር። ማጉን የሚያስገባው ደግሞ ሸማኔው ቁጭ ብሎ ነው፤ ደረጃ ለደረጃ እየሮጠ አይደለም። የለም፣ የሸረሪት ድር ነው ካላችሁም፣ ሸረሪት አንበሳ አስራ አታውቅም። የምትፈልገው ዝንብ ነው። ማክሰኞ ማታ ዝንቡ እኔ ነበርኩ።

ልጁ ሞኝ አይደለም እንግዲህ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ ጽፏል። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ብዙዎቹን የጠቆማቸው የቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ የሚያገኙት ሰው ነው። ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፣ ምን አዲስ ነገር ያመጣልሃል? እኔም ጡረታ የወጣሁበትን ሥራ የጠቆመኝ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ አብሮኝ ካርታ የተጫወተ ሰው ነው። ስሙን ዛሬም አላውቀውም።

ድንኳን ከተነሳ ግን ደሜ ይፈላል። የድሮ ሰፈሬ ዕድር 20 ደቂቃ ዘገየህ ብሎ 30 ብር ቀጥቶኛል። የዘገየሁት የሟችን እናት ደግፌ ሳመጣ ነው! ስም ሲጠራ «አቤት» ብለው አንድ የድንኳን ብረት ያልነኩት አልተቀጡም። ለጸሐፊው አስረዳሁት። «ደንብ ነው» አለኝ። ደንብ! ደረሰኙ እስከ ዛሬ ኪስ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አንዳንዴ አውጥቼ አየዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ወንፈል ይሻላል። ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። ማንም «ከልቤ ነው» አይልህም፤ ቀኑን ብቻ ይነግርሃል።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ጀሪካን።

ሐሙስም ውሃ አልመጣም። ሁለቱን ሞልቼ ደረጃው ሥር ቆሜያለሁ። የልጁ ድምፅ ከበሩ በኩል እየቀረበ ነው። ለካ ባንክ የሚሠራ የእህት ልጅ አለኝ፤ ማክሰኞ ሳልነግረው። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።