የትልቅ ዛፍ ዕጣ በባለቤቱ ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል

ኢስተርን አቬኑ ዋሽንግተን ዲሲን ከሜሪላንድ የሚለይ ጎዳና ነው። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወደ ሥራ ስንመላለስ እንሻገረዋለን። በወሰኑ ግራና ቀኝ የቆሙት ትልልቅ የኦክ ዛፎች ይመሳሰላሉ፤ የሚጠብቃቸው ሕግ ግን ለየቅል ነው።

በዲሲ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተሻሻለው ሕግ መሠረት፣ የግንዱ ዙሪያ 100 ኢንች ማለትም ሁለት ሜትር ተኩል ያህል የደረሰ ዛፍ በቅርስነት ይጠበቃል። ከጥበቃው ውጭ ከተደረጉት ጥቂት ዝርያዎች ካልሆነ ወይም አደጋ እንደሚያስከትል ካልተረጋገጠ፣ በግል ግቢ ውስጥም ቢሆን መቁረጥ ክልክል ነው። ዙሪያው ከ44 ኢንች የሚጀምረው ደግሞ ፈቃድና ክፍያ ይጠይቃል። ወሰኑን አልፎ ታኮማ ፓርክ ከተማ የገባ ሰው ጥበቃው ከ24 ኢንች ሲጀምር ያገኛል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነገሩ ይለወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የዛፍ ጥላ ሕግ የሚሠራው ግንባታ ሲኖር ነው፤ ምንም ሳይገነባ የጓሮውን የመቶ ዓመት ዛፍ የሚጥል ባለቤትን አይነካውም።

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለው የባሰ ነው። በቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች ግዛቱ በሕግ ከሰጣቸው ሥልጣን አልፈው ደንብ ማውጣት አይችሉም። ቅርስ የሚባሉ ዛፎችን እንዲጠብቁ ተፈቅዶላቸዋል፤ ቅጣቱ ግን ከ2,500 ዶላር እንዳያልፍ ተገድቧል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የአርሊንግተን ካውንቲም በግል ግቢ ያለን ዛፍ የሚመዘግበው ባለቤቱ ሲስማማ ነው። እንግዲህ ባለቤቱ የሚወደው ዛፍ ጥበቃ ያገኛል፤ ምሳር የተሳለበት ግን አያገኝም። ይህን ጥበቃ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። አሮጌ ቤት አፍርሶ ትልቅ ቤት ለሚሠራ ነጋዴ 2,500 ዶላር ከወጪ መዝገቡ ላይ የምትጨመር አንዲት መስመር ናት። በዲሲ እንኳ፣ ቅጣቱ ከዚህ እጅግ ከብዶ ሳለ፣ ከፍለው የቆረጡ አልሚዎች ነበሩ። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ተቆጣጣሪዎች ቆረጣውን በቦታው የሚያስቆሙበት ሥልጣን ለመስጠት የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፤ ከወገኖቼ አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሁለት ሥራ ሠርቶ፣ የሠላሳ ዓመት የቤት ብድር ተሸክሞ ግቢ የገዛ ሰው «በገዛ መሬቴ ማን ያዘኛል?» ቢል አልፈርድበትም። ትልቅ ዛፍ ማስቆረጥ ብዙ ሺህ ዶላር ያስወጣል፤ ከዚያ በላይ የፈቃድ ክፍያ መጨመር ያማል። ስለዚህ ከአልሚዎች የሚሰበሰበው ገንዘብ ገቢው ዝቅ ያለ ባለቤት የታመመ ዛፉን ለማስገረዝ ወይም ለማስወገድ ሲቸገር ሊደርስለት ይገባል። ጤነኛው ዛፍ ግን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የጎረቤትን ጣሪያ ከሐምሌ ፀሐይ ይከልላል፣ የዶፍ ውኃ ወደ ምድር ቤት እንዳይገባ ይመጥጣል። በምትኩ የሚተከሉት ችግኞች ያንን ሥራ ለመሥራት የልጅ ልጆቻችንን ዕድሜ ይፈልጋሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ዙሪያው ታርሶ ሲራቆት የቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ ጥዱና ዝግባው፣ የቀረው ማንም ግለሰብ «የእኔ ነው» ብሎ ምሳር ማንሣት ስለማይችል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እንኳ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጡ ሲከለክል የግል ግቢውን ዛፍ አልሸፈነም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ከአዋጁ ቀድሞም፣ አዋጁ ባልደረሰበትም ሲሠራ ኖሯል።

ሞንጎመሪ ካውንቲ ግንባታ ኖረም አልኖረም በግንድ ልክ የሚሠራ ጥበቃ ማውጣት አለበት። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎችም አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ትልልቅ ዛፎችን እንዲጠብቁ ሥልጣን ይስጧቸው፤ የቅጣቱንም ጣሪያ ያንሡ። በእነዚህ አካባቢዎች ድምፅ የምንሰጥ ብዙ ነን፤ የካውንቲ ምክር ቤቶችም የሕዝብ አስተያየት የሚሰሙባቸው ስብሰባዎች ክፍት ናቸው።