ጌም አብሮ የሚሠራ ሰው ፍለጋ፤ ከሲያትል እስከ መሐል ሜዳ

ደብረ ብርሃን ላይ ጌም መሥራት የሚፈልግ ወጣት ስታገኝ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚልህ «አሪፍ ሐሳብ አለኝ፣ ግን አሁን አልነግርህም» ነው። ከሰማህ ትወስድብኛለህ ብሎ ይሰጋል። እኔ በምኖርበት በሲያትል አካባቢ ደግሞ ሰው ስሙን በቅጡ ሳይነግርህ ላፕቶፑን ከፍቶ የጀመረውን ያሳይሃል። «እስኪ ሞክረው፣ የት ላይ ይሰለቻል?» ይልሃል። ሐሳቤ ይወሰድብኛል ብሎ አይጨነቅም። አንዲት ሐሳብ ጌም እስክትሆን ስንት ወር እንደምትፈጅ በራሱ ላይ አይቶታል።

እኔ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነኝ። አገር ቤት ስገባ ደብረ ብርሃን አርፍና ዘመድ ለመጠየቅ ወደ መንዝ እወጣለሁ። በሄድኩበት ሁሉ ጌም የሚሠሩ ወይም ለመሥራት የሚፈልጉ ልጆችን አፈላልጌ አነጋግራለሁ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የተማሩ ልጆች ያስመርቃል። የሚስሉ አሉ። ክራር የሚጫወቱ፣ በስልካቸው ሙዚቃ የሚያቀናብሩ አሉ። ግን አይተዋወቁም። ኮድ የሚጽፈው «ሠዓሊ ከየት ይምጣ?» ይልሃል። የምትስለዋ ደግሞ ሁለት ሰፈር አለፍ ብላ ተቀምጣ «እዚህ ከተማ ማን ጌም ይሠራል?» ትላለች።

ጌም ብዙ እጅ ይፈልጋል። ኮዱ አለ፣ ሥዕሉ አለ፣ ሥዕሉን ማንቀሳቀሱ አለ፣ ድምፁ አለ፣ የጨዋታውን ሕግ ማውጣት አለ። ብቻዬን እወጣዋለሁ የሚሉ ልጆች ሁሌ የሚያነሱልኝ ስታርዲው ቫሊን ነው። እውነት ነው፤ ኤሪክ ባሮን ያንን የእርሻ ጌም ኮዱንም፣ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቶታል። ግን ከአራት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እዚሁ ሲያትል በአንድ ትያትር ቤት ተመልካች እያስተናገደ በትርፍ ሰዓት ይሠራ ነበር፤ ፍቅረኛውም ሠርታ ትደግፈው ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ፣ ከቤተሰቡም ብዙ የሚጠበቅበት ልጅ አራት ዓመት ማን ይሰጠዋል?

እዚህ ሲያትል ሰው ከሰው በዋናነት የሚገናኘው በጌም ጃም፣ ማለትም ተሰብስቦ በአጭር ጊዜ ጌም በሚሠራበት ዝግጅት ነው። ግሎባል ጌም ጃም እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። ሉደም ዴር የሚባለው ደግሞ ይቀድመዋል፤ የተጀመረው በ2002 ነው። አካሄዱ ቀላል ነው። ዓርብ ማታ አንድ ርዕስ ይነገራል። የማይተዋወቁ ሰዎች በየጠረጴዛው ይቧደናሉ። በተለመደው አሠራር በ48 ሰዓት ውስጥ፣ እንደምንም ብለው፣ የሚጫወቱት ነገር ያስረክባሉ።

ጌሙ ብዙ ጊዜ ጥሩ አይሆንም። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ሥራው ሲበላሽ ማን እንደሚቆጣ፣ ማን ዝም ብሎ እንደሚያስተካክል ታያለህ። «ይሄን አላውቀውም፣ አሳየኝ» የሚል ሰው ታገኛለህ። ሰዓቱ ሲጠብ የሚወደውን ነገር ከጌሙ ቆርጦ ማውጣት የሚችለውን ትለያለህ። ይህን ሁሉ በቡና ወሬ አታገኘውም። ሆሎው ናይት የተባለውን ጌም የሠሩት የአውስትራሊያዎቹ ቲም ቼሪ ትልቁን ሥራ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። መነሻው ግን በ2013 ለሉደም ዴር የሠሩት አንድ ትንሽ ጌም ነበር።

አገር ቤት ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ጓደኝነቱ አለ። ከዚያ የድርጅቱ ስም ይወጣል፣ ሎጎ ይሠራል፣ ኢንቨስተር ይፈለጋል። ሥራው መጨረሻ ላይ ነው። ሥራው ሲጀመር ደግሞ ይሉኝታ ይመጣል። ሠዓሊው የልጅነት ጓደኛው ስለሆነ «ይሄ ሥዕል ለዚህ ጌም አይሆንም» ብሎ ለመናገር አፉን ይይዘዋል። ሠዓሊውም ኮዱ እንደቆመ እያየ አይጠይቅም። ሁለቱም ተከባብረው ዝም ይባባሉና ጌሙ ይቀራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የተጣላ የለም፣ የሰነፈም የለም።

የሲያትሉም አሠራር ሙሉ አይደለም። አብረውህ ሁለት ሌሊት ያደሩ ሰዎች እሑድ ማታ ዕቃቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። ከዚያ አንዱ መልእክት ይጽፍልሃል፣ ሌላው አይጽፍም። ከሳምንት ሳምንት እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል። እናትህ ብትታመም የሚጠይቅህ ከመካከላቸው ማንም ላይኖር ይችላል። ረጅም ጌም የሚሠራው እየተጠያየቁ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የአገር ቤቱ ቅርበት ይበልጣል።

የሚገርመኝ፣ ለዚህ ነገር ሥርዓት ያወጣው የራሳችን ገበሬ መሆኑ ነው። ደቦ ብዙ ሰው ጠርቶ፣ ጠላውንና ምግቡን አዘጋጅቶ፣ የአንድን ሰው ሥራ በአንድ ቀን መጨረስ ነው። ወንፈል ሌላ ነው። ጥቂት ሰዎች ይስማማሉ። ዛሬ እኔ አንተ ማሳ ላይ አንድ ቀን ካጨድኩ፣ ነገ አንተ እኔ ማሳ ላይ አንድ ቀን ታጭዳለህ። ራስህ ካልቻልክ ልጅህን ትልካለህ። ማን ስንት ቀን እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። ደግሞ ወንፈሉ ውስጥ ያለው ጎረቤት ነው፤ ዘመድ ነው፤ ሆኖም ቀኑ ይቆጠራል። መቆጠሩ ማንንም አያስቀይምም።

ጃሙ ወደ ደቦው ይጠጋል። ለወራት ለሚሠራ ጌም የሚሻለው ወንፈሉ ነው። ለደብረ ብርሃን ልጆች ደጋግሜ የምለው ይህን ነው። ገና ከሌለ ጌም፣ ገና ከሌለ ትርፍ «ሠላሳ በመቶ ለአንተ፣ ሰባ ለእኔ» እየተባባላችሁ አትጀምሩ። አንተ ለእሷ ጌም አንድ ሳምንት ኮድ ጻፍላት። እሷ ለአንተ ጌም አንድ ሳምንት ትሳልልህ። ሳምንቱ ሲያልቅ ካልተስማማችሁ ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም። ከተስማማችሁ ሌላ ሳምንት ጨምሩ።

አሁን ወደ እኛ፣ ወደ ዲያስፖራው ልምጣ። አገር ቤት ስንገባ ሐሳብ ይዘን እንገባለን። ሐሳቡ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ነው፤ ዓድዋን በሙሉ፣ አንኮበርን ከነነገሥታቱ። ከዚያ አንድ ጎበዝ ልጅ ይገኝና «ጌሙን ሥራው፣ ሲሸጥ እንካፈላለን» ይባላል። ልጁ ያከብርሃል። ጋሼ ይልሃል። እምቢ ማለት ይከብደዋል። ሌሊቱን እየሠራ ወራት ያልፋሉ፣ ጌሙ አያልቅም፣ ማለቅም አይችልም፤ ምክንያቱም በመቶ ሰው የሚሠራ ጌም ነው የታዘዘው። እዚህ ሲያትል ለማያውቀው ሰው በነፃ እንዲሠራ የማንጠይቀውን ነገር፣ እዚያ የአገራችንን ልጅ መጠየቅ ትክክል አይደለም። የምትከፍለው ካለህ ክፈለው። ከሌለህ አብረኸው ቁጭ ብለህ ሥራ።

ገንዘቡ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከመንሳፈፉ በፊት ያ 100 ዶላር በባንክ ዋጋ ወደ 5,700 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ አልፏል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ውጭ ያለው ሰው ይከፍላል። ይህ ጥሩ ነው። ግን የከፈለው ሰው አካውንቱን በስሙ ሲከፍት ገንዘቡ ወደ እሱ ባንክ ነው የሚገባው፤ ጌሙም በሕግ የእሱ ይመስላል። የአደራ ነገር ነው ብሎ በቃል መተው ብዙ ወዳጅነት ያበላሻል። ሥዕሉ የማን እንደሆነ፣ ኮዱ የማን እንደሆነ፣ ቡድኑ ቢበተን ማን ምን ይዞ እንደሚሄድ በአንድ ገጽ በአማርኛ ይጻፍና ሁሉም ይፈርሙበት። ለጀማሪ ደግሞ ኢች ዶት አይኦ የተባለ ድረ ገጽ አለ፤ ጌም ለማስቀመጥ ምንም አይጠይቅም።

ኢንተርኔቱም አለ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። እዚህ አገር አብሮህ የሚሠራ ሰው ሁለት ሳምንት ድምፁን ካጠፋ ሥራውን ትቶታል ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ይተካል። በዚህ ልማድ የአገር ቤቱን ልጅ መመዘን በደል ነው። በዚያ ጊዜ ከቡድን የተቀነሱ ልጆች አውቃለሁ። ኔት ሲመለስ ሥራቸውን ጨርሰው በፍላሽ ይዘው ነበር፤ የሚቀበላቸው ግን አልነበረም።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ መምረጥ ይቻላል። ጊት የተባለው የኮድ መዝገብ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለወር የሠራኸውን ቀን በቀን መዝግበህ ኔት ስታገኝ ትልከዋለህ። ጎዶ የሚባለው የጌም ኢንጂን (ጌም የሚሠራበት ፕሮግራም) ነፃ ነው፤ ሲወርድም ከ200 ሜጋባይት አይበልጥም። ሌላው ኢንጂን፣ ዩኒቲ፣ ብዙ ጊጋባይት ይበላል። ዳታ በካርድ እየሞላ ለሚኖር ልጅ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ጎዶ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይከፍታል።

አሁን እየተሠራ ያለ አንድ ጌም ላውራ። ደብረ ብርሃን ያለ ኮድ የሚጽፍ ልጅና በስልኳ ላይ በጣቷ የምትስል ልጅ በወንፈል የጀመሩት ነው። እኔ ኮዱን አርማለሁ። ጌሙ ስለ መንዝ ጓሳ ነው። እዚያ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳ ሣሩን ቄሮ በተባለ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ የሥርዓቱ አለቃ፣ አባ ቄራው፣ ሲፈቅድ ተከፍቶ ይታጨድ ነበር። ተጫዋቹ ሣሩን መጠበቅና መቼ እንደሚከፍት መወሰን አለበት። ቶሎ ከከፈተ ሣሩ ያልቃል። በጣም ካቆየ ሰው ቤቱን የሚከድንበት ሣር ያጣል።

ልጅቷ ጭላዳ ስላ ዛፍ ላይ አስቀምጣው ነበር። በጣም ያምር ነበር። ሥዕሉን መንዝ ውስጥ ባለችው መሐል ሜዳ ከተማ ለአንድ ተማሪ አሳየሁት፤ በጓሳ ጥግ በግ ሲጠብቅ ያደገ ነው። ትንሽ አይቶ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዛፍ ላይ አይወጣም» አለኝ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አሳየኝ። በቂጡ እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ ሣሩን ቶሎ ቶሎ እየነጨ። ማታ ገደል ላይ እንደሚያድር፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ የት ጋ እንደሚጀምር ነገረኝ። ቀይ ቀበሮ በመንጋው መካከል ሲያልፍ ጭላዳዎቹ እንደማይሸሹ የነገረኝም እሱ ነው። ተመራማሪዎች ይህንኑ እዚያው ጓሳ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመውታል፤ ቀበሮው በጭላዳ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 ከመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ከመቶ። ነገሩ ወዲያው የጌሙ ሕግ ሆነ። ጭላዳውን ካባረርክ ቀበሮውም ይራብብሃል።

ያ ተማሪ ላፕቶፕ የለውም። ኮድ አይችልም። ግን ከእሱ የበለጠ ለዚያ ጌም የሠራ ሰው የለም፤ ስሙም ከሁለቱ ጋር እኩል ይጻፋል። አብሮ የሚሠራ ሰው ሲባል ሁላችንም ፕሮግራመር ብቻ ስለምንፈልግ እንዲህ ያሉ ልጆች ያመልጡናል። በውጭ አገር ትልልቅ ድርጅቶች ለዚህ ዕውቀት አማካሪ ይቀጥራሉ። እኛ ጋ በየመንገዱ በግ ይጠብቃል።

አንድ ችግር ደግሞ ፊደሉ ነበር። ትንንሽ ነጥብ ባላቸው ሥዕሎች ላይ የላቲን ፊደል በስምንት ነጥብ ቁመት ይነበባል። ጨ እና ሽ ግን እግርና ራሳቸው ይጣበቃል። ልጅቷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አሳድጋ እንደገና ሳለቻቸው። ረጅም ጽሑፍ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ነፃ ፎንት ጌሙ ውስጥ አስገባን፤ ያለዚያ አንዳንድ ስልክ ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ነው የሚታየው።

የቀረው ድምፁ ነው። የጓሳ ነፋስ፣ ጭላዳዎቹ ጠዋት ከገደል ሲወጡ የሚያሰሙት ጩኸት፣ ማጭድ ሣር ሲቆርጥ። በስልክም ቢሆን እዚያው ቦታ ላይ መቀረጽ አለበት። ከመንዝ ወይም ከደብረ ብርሃን የሚሆን ድምፅ ሠሪ እየፈለግን ነው። ሥራው የአንድ ሳምንት ነው፤ ስምምነቱ ይጻፋል፤ በምላሹ ለራሱ ሥራ የአንድ ሳምንት ኮድ ወይም የአንድ ሳምንት ሥዕል፣ የፈለገውን መርጦ ይወስዳል።