ያየነውን ፊልም ለምን ደግመን እናያለን?

ሁለቱ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ማታ ማታ ቪዲዮ ቤት ያሠሩ ነበር። ሌላዋ የሠርግ ቪዲዮና አጭር ፊልም የምትሠራ ወጣት ኤዲተር ናት። መምህሩ ቅዳሜ ማታ ግቢያቸው ውስጥ አንሶላ ወጥረው ለሰፈሩ ልጆች የድሮ ፊልም ያሳያሉ። እሷ ደግሞ "ለምን የድሮ ብቻ?" ብላ ጠየቀች። ነገሩ በአንድ ቡና አላለቀም። በጽሑፍ እንከራከር ተባባሉ።

መምህሩ

ልጅ ሳለን አያታችን ተረት ስትነግረን "እሱን አውቀዋለሁ፣ ሌላ አምጪ" ብለን አናውቅም። "የጦጣዋን ድገሚልን" ነበር የምንለው። መጨረሻውን እያወቅን እንሰማለን። አንድ ቃል ከዘለለች እንዲያውም እናርማታለን። እኔ የድሮ ፊልምና የድሮ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ደግሜ የማየው በዚያው ስሜት ነው።

መጀመሪያ ሲያዩ ሩጫው ታሪኩን ለመያዝ ነው። ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ። ሁለተኛ ሲያዩ ግን ጊዜ አለ። ከጀርባ የቆመችው ሴትዮ ምን እንደምትሠራ ይታያል። ተዋናዩ ዝም ሲል ፊቱ ምን እንደሚናገር ይታያል።

ባለፈው ቅዳሜ ያሳየሁት የቻርሊ ቻፕሊንን "ዘመናዊ ጊዜ" ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣውን። አንድ ቦታ ላይ ሠራተኛው ለምሳ ሰዓት እንዳያባክን ተብሎ የሚያጎርስ ማሽን ፊት ያቆሙታል። ማሽኑ ይበላሽና በቆሎው አፉ ላይ መሽከርከር ይጀምራል። የእኛ ልጆች ደግሞ የበቆሎ ጥብስ ይዘው ነው የተቀመጡት። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ የያዘችውን በቆሎ አፏ ላይ አድርጋ እንደዚያው አሽከረከረችው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ቃል ማስተርጎም አላስፈለገኝም።

የራሴ ልጅ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ከኋላ ቆማ ታይ ነበር። ቻፕሊን ከሥራው ተነስቶም ብሎን የማጥበቁ እጁ አልቆም ሲለው እሷም ሳቀች። ቆየት ብላ ግን ጠጋ አለችኝና "አባዬ፣ ቤት ስገባ የእኔም እጅ እንዲህ ይላል" አለችኝ። 90 ዓመት ገደማ የሆነው ፊልም ነው ይህን ከአፏ ያወጣው። እኔ ስንት ጊዜ "ሥራ እንዴት ነው?" ብዬ ጠይቄያት "ደህና" ብቻ ነበር መልሷ።

ኤዲተሯ

ጋሼ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። የበቆሎዋን ነገር እኔም አልረሳውም። ግን እርስዎ ያሳዩን የዚያን ዘመን ምርጥ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ስንት የማይረባ ፊልም ተሠርቷል! ጊዜ አበጥሮ ያስቀረልንን ፍሬ ይዘን "የድሮው ይሻላል" እንላለን። የዘንድሮውን ግን ከነገለባው ነው የምናየው። ፍርዱ ልክ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የናፈቀዎት ፊልሙ ነው ወይስ ቪዲዮ ቤቱ? ስለ አንድ ፊልም ሊነግሩን ሲጀምሩ የሚያወሩልን አጠገብዎ ማን እንደተቀመጠ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላጣጥለውም። ግን የፊልሙ ውበት አይደለም። በዚያ ላይ ከእነዚያ ፊልሞች በብዙዎቹ ሴቷ ወይ ታለቅሳለች ወይ አንድ ወንድ መጥቶ ያድናታል። ያቺ የስምንት ዓመት ልጅ ይህንንም ደጋግማ እያየች ነው።

ሦስተኛው ደግሞ እኔን በቀጥታ የሚነካኝ ነው። አንድ ጣቢያ ድጋሚ ሲያሳይ ወጪው ትንሽ ነው። ያ ሰዓት ግን አዲስ የሚሠራ ሰው ሊያገኘው ይችል የነበረ ሰዓት ነው። ቃና ቲቪ በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎች ይዞ ሲመጣ የኛ ሀገር ባለሙያዎች "ቦታችን ተወሰደ" ብለው ጮኸዋል። ድጋሚም የሚይዘው ያንኑ ቦታ ነው። የሚጮህበት ሰው ግን አላይም፤ የድሮ ነገር ስለሚከበር።

መምህሩ

ቪዲዮ ቤቱ ናፍቆኛል። አልክድም። መስኮቱን በብርድ ልብስ እንጋርዳለን። አግዳሚው ላይ ሰው ይታጨቃል። የቴሌቪዥኑ ሙቀት ከአዳማ ሙቀት ጋር ተደምሮ ሁሉም በላብ ተጠምቆ ያያል። የህንድ ፊልም ሲሆን ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ግን ከኋላ "አክተሩ አይሞትም!" የሚል አይጠፋም ነበር። መብራት ሲሄድ ብሬን መልስ የሚል አልነበረም፤ ያየ ላላየው ቀሪውን ይተርክለታል።

ግን ነገሩ ናፍቆት ብቻ ቢሆን ልጆቹ ባልሳቁ። የስምንት ዓመት ልጅ ምን ናፍቆት አላት?

ስለ ገለባው ያልሽው ልክ ነው። ግን ጊዜ ብቻውን አያበጥርም፤ የሚያበጥር ሰው ይፈልጋል። ሰፌዱም ደጋግሞ ማየት ነው። አንዴ ታይቶ የተረሳ ፊልም ፍሬ ይሁን ገለባ በምን ይታወቃል?

ድጋሚ ለጣቢያ ርካሽ ነው ብለሻል። ቢሆንም ለመደገም መጀመሪያ መትረፍ አለበት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1951 "አይ ላቭ ሉሲ" የተባለው ኮሜዲ ሲጀመር ብዙው ፕሮግራም በቀጥታ የሚተላለፍ ነበር። የሚቀረው ከስክሪን ላይ የተቀዳ ደብዛዛ ቅጂ ነው። የሉሲ ሰዎች ግን ተመልካች አስቀምጠው፣ በ3 ካሜራ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀረጹት። ዋና ተዋናይቷ ሉሲል ቦል ስትወልድ የቀድሞዎቹ ክፍሎች ተደገሙ። ሰውም ወደዳቸው። ዛሬም ጥርት ብለው ይታያሉ።

የኛንስ አስቢ። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። "ጤና ይስጥልኝ ልጆች" ሲሉ ስክሪኑ ፊት ያለ ልጅ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልስ ነበር። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ሁሉ የየራሱን ልጅነት አለቀሰ። ያንን ድምፅ ለዛሬ ልጅ መድገም የማንን ቦታ ይወስዳል?

ኤዲተሯ

ካሴት ውስጥ ከገቡ የእኔን ሥራ ነኩት ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት 6 ካሴት ይዘው መጡ። ሠርጋቸውን ወደ ፍላሽ እንድገለብጥላቸው ነው። ሁለቱ ካሴቶች ጥቅልላቸው ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ሻጋታ ነበረባቸው። እንደዚያ ያለውን ዝም ብሎ ዴክ ውስጥ መክተት አይቻልም። የዴኩን ሄድ፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበውን ክፍል፣ ያቆሽሻል፤ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት ይበክላል። የካሴቱን 5 ብሎን ፈትቼ፣ ቴፑን በለስላሳ ጨርቅ መሀል እያሳለፍኩ በእጄ አጠነጠንኩት። አንዱ ካሴት ሙሉ ቀን ፈጀ።

ሠርጉ አለቀ። ስክሪኑ ለትንሽ ጊዜ በነጫጭ ነጠብጣብ ተሞላ። ከዚያ ሳይታሰብ አባባ ተስፋዬ ብቅ አሉ። ተረቱ እያለቀ ነው። ልጆቹ ሲያጨበጭቡ ይሰማል፤ ከዚያ ጠፋ። እናትየው "ካሴት ውድ ነበር፣ በላዩ ላይ ሠርጌን ቀዳሁበት" አሉኝ። ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እሳቸው ላይ አይፈረድም። ቢቢሲም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ቴፕ እየደመሰሰ ሌላ ፕሮግራም ይቀዳበት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ድምፅ አልባ ከነበሩት ረጅም ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ዛሬ የሉም። ሰፌዱ ላይ ሳይወጡ ቀሩ፣ ጋሼ። ፍሬውም ገለባውም።

እኔ የድሮውን የምጠላ እንዳይመስልዎት። ግን ደጋግሞ ማየት ማቆየት አይደለም። ካሴት በታየ ቁጥር ያልቃል እንጂ አይድንም። የሚያድነው የሚጠግን፣ የሚገለብጥ፣ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

ደግሞ የድሮው ሁሉ አንድ ቀን አዲስ ነበር። ኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲሠራ ገና አሜሪካ የሚማር ተማሪ ነበር። ያኔ "እኛ የምናየው የድሮ ብቻ ነው" የሚል አዳራሽ ብቻ ቢያጋጥመው ዛሬ እርስዎ የሚደግሙት ምን ይኖር ነበር? ከአራቱ ቅዳሜ ሁለቱ ለአዲስ ሥራ ይሁን እላለሁ። እዚሁ አዳማ ስልካቸውን ይዘው ፊልም የሚሞክሩ ልጆች አሉ። ሰው ፊት ታይቶላቸው አያውቅም።

መምህሩ

ስለ ካሴቱ ተሸነፍኩ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ስንት እንዳለኝ አልቆጠርኩም፤ ሻጋታም ይኑረው አይኑረው አላየሁም። ነገ አወጣቸዋለሁ።

ሁለት ቅዳሜ ግን አይሆንም። የኃይሌን ፊልም አንቺው አነሳሽው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ገበሬው ሲያርስ ካሜራው አይቸኩልም፤ ተመልካቹም አብሮት ይደክማል። የዛሬ ልጅ ስልኩ ላይ ጣቱን እያንሸራተተ ያደገ ነው። ዝግ ያለ ነገር ቁጭ ብሎ ማየትን የሚማርበት ሌላ ቦታ የለውም። በሳምንት ያቺን አንድ ምሽት ብቻ ነው ያገኘሁት። ስለሴቶቹ ያነሳሽውን ግን ተቀብያለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹን ስለዚያ እጠይቃቸዋለሁ።

አጭር ከሆነ፣ ከድሮው ፊልም ቀጥሎ፣ በየሳምንቱ አንድ የእናንተን አሳያለሁ።

ኤዲተሯ

በየሳምንቱ ከሆነ ከሁለት ቅዳሜም ይሻላል፤ ይሁን። ግን "ቀጥሎ" የሚለው አይሆንም። ልጆቹ ሦስት ሰዓት ካለፈ አይቆዩም፤ ግማሾቹ አንሶላው ፊት ይተኛሉ፣ ግማሾቹን እናቶቻቸው ይጠሯቸዋል። የእኛ 10 ደቂቃ ነው። እሱ ይቅደም፣ ከዚያ ቻፕሊን ይግባ። ካሴቶቹንም ዴክ ውስጥ ሳይከቱ ያምጡልኝ።