የኅዳር ቡና የሐምሌን ሕፃን ይናገራል?

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ቶናው ሲቀዳ ነው ክርክሩ የተነሳው። ኢኮኖሚክስ ያጠናው፣ «ኅዳር ላይ የእሸት ቡና ዋጋ ከታወቀ፣ ሐምሌ ላይ ስንት ልጅ በከባድ የምግብ እጥረት ጤና ጣቢያ እንደሚመጣ መገመት ይቻላል» አለ።

ቡና ነጋዴው ሳቁ። «ዋጋ ጨመረ ስትል በብር ነው? ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያልጨመረ ምን አለ? ይልቅ አንድ ኪሎ እሸት ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል በል።»

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ። በብር ብቻ ከሄድን ዋጋውም የታካሚው ቁጥርም በየዓመቱ ስለሚያድጉ፣ የሌለ ዝምድና ያለ ይመስላል።»

የጤና መረጃ የምትሠራው ግን ገና ቁጥሩ ላይ ነበረች። «ወሩን የምንዘጋው ከ21 እስከ 20 ነው። ነሐሴ 21 ተጀምሮ መስከረም 20 የሚያልቀው ሪፖርት ጳጉሜን ስለሚይዝ 35 ቀን አለው፤ በአራት ዓመት አንዴ 36። ለቀኑ ካላካፈልከው መስከረም ሁልጊዜ የቀውስ ወር ይሆንብሃል። ፕላምፒናት (በምግብ እጥረት ለተጎዳ ልጅ የሚሰጠው የለውዝ ምግብ) ያለቀበት ወር ደግሞ ለሕክምና የሚገባው ልጅ ይቀንሳል። ልጆቹ ድነው መሰለህ? አንዷ እናት ባዶ እጇን ስትመለስ ጎረቤቷ አትመጣም። ያንን ወር ዜሮ ብለህ አትሙላው፣ ባዶውን ተወው። ከቻልክ የገቡትን ትተህ፣ ከ6 እስከ 59 ወር ካሉት ከተለኩት መካከል የክንዳቸው ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑትን በመቶኛ ውሰድ።»

«የቡና ዋጋ ሲወድቅ ግን ይብሳል፣ አይደል?»

«ማን አለህ? ለቀማ ሲደራ እናቲቱ ከቡናው ሥር ናት፤ ልጁን ማን ያጠባዋል፣ ማን ያስከትበዋል?»

እዚህ ላይ ኢኮኖሚስቱ ራሱ አንድ ነገር ትዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኮሎምቢያ ቡና አብቃይ አካባቢዎች ጥናት፣ ዋጋው ሲወድቅ የሕፃናት ሞት ቀንሶ አግኝቷል፤ የወላጅ ጊዜ ሲረክስ ለልጁ የሚተርፈው ጊዜ ይበዛል። ክርክሩን በገዛ እጁ አዳከመው ማለት ነው።

እኔ የማደላው ለመረጃ ሠራተኛዋ ነው። ቁጥሩ ሳይጸዳ ስለ ቡና ማውራት ከንቱ ነው። ከጸዳ በኋላ የኅዳሩን የቡናና የበቆሎ ልውውጥ እና የግንቦቱን የበቆሎ ዋጋ አስገባለሁ። የለቀማውን ወራትና ክረምቱን ለየብቻ አሰላለሁ፤ የቡና ዋጋ በአንዱ ጉዳቱን ሲጨምር በሌላው ሊቀንስ ይችላልና። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ቁጥር ከስሌቱ ደብቄ፣ ትንበያውን በእነሱ እፈትነዋለሁ። መወዳደሪያው ቀላል ነው፦ የአምናው ተመሳሳይ ወር። ያንን ካልበለጠ ቡናው ከስሌቱ ይውጣ፣ የፕላምፒናት ግዥ ጥያቄውም በአምናው ቁጥር ይጻፍ።

ነጋዴው ሲነሱ የጣሉት ቃል ግን አሁንም ያስቸግረኛል፦ «ክረምት ላይ ተቸግሮ የተበደረው ቡናውን ገና በዛፉ ሸጦታል።» ለዚያ ቤት የኅዳር ዋጋ የነጋዴው ዋጋ ነው፤ ክንዱ የሚለካው ልጅ ደግሞ በብዛት ከዚያው ቤት ነው የሚመጣው።