ቅርጫው በሚዛን ይሁን በመደብ?

ለገና በሬ በጋራ ሊያርዱ የተስማሙት አሥር ቤተሰቦች ናቸው፤ ሁሉም አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ የሚኖሩ። ክርክሩ የተነሣው በሬው ገና ሳይገዛ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ የሆነው ወጣት፣ «ዘንድሮ ሥጋው በኪሎ ይመዘን፤ ሁሉም በወሰደው ልክ ይክፈል» አለ። ባለፈው ፋሲካ በዕጣ ከተደለደሉት የሥጋ ክምሮች አንዱ መደብ ከሌላው አንሶ ታይቶ ቅሬታ ተፈጥሮ ነበርና፣ ሐሳቡን የደገፉት ጥቂት አልነበሩም።

በዕድሜ የገፉት ጎረቤት ግን ወዲያው ተቃወሙ። «ልጄ፣ ሚዛን ክብደት እንጂ ብልት አይለይም። አንድ ኪሎ ሽንጥና አንድ ኪሎ አንገት እኩል ናቸው? ሻኛውስ? በሬው ያለው አንድ ሻኛ ነው፤ ለማን ልትመዝነው ነው?»

«ጋሼ፣ ለየብልቱ ዋጋ ይውጣለታ! ሥጋ ቤትም እኮ እንደዚያ ነው የሚሸጠው።»

«እንግዲያውስ ሥጋ ቤት እንሂድ፤ በሬ መግዛት ለምን አስፈለገን? ብር ያለው ሽንጡንና ጭቅናውን ይዞ ይሄዳል፤ በጡረታ የምትኖረዋ ጎረቤታችን አጥንቱን ይዛ ትቀራለች። ዕጣ የሚጣለው እኮ ይኼ እንዳይመጣ ነው።»

ቀድሞ ሥጋ ቆራጭ የነበረ ጎልማሳ በዚህ መሀል ገባ። በእሱ እምነት ጥፋቱ የዓይን ግምት አይደለም፤ የአቆራረጡ ነው። «በፋሲካው አራጁ ሌላ ግቢ ይጠብቀው ስለነበር ቸኩሎ፣ ታፋውን እንዳለ አውርዶ በጅምላ ከፋፈለው። ብልት በብልት ነው የሚሠራው። ንጹሕ ላስቲክ ይነጠፋል ወይም ቅጠል ይጎዘጎዛል፤ ሻኛው ወጥቶ 10 ቦታ ይቆረጥና አሥሩም መደብ ላይ ይደርሳል። እሱ ሳያልቅ ሌላ ብልት አይነካም። ከዚያ ጭቅናው፣ ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ፍሪምባው፣ ወርቹ በየተራ። ጎድኑ በቁጥር ነው የሚከፈለው። በሬ በአንድ ጎኑ 13፣ በሁለቱም 26 ጎድን አለው፤ ለአሥር ሰው ሁለት ሁለት ደርሶ 6 ይተርፋል። ጠብ የሚያመጡት እነዚያ ስድስቱ ናቸው። ተሰባብረው ለሁሉም መዳረስ አለባቸው እንጂ ለአራጁ ወዳጆች አይጣሉም።»

ወጣቱ እጅ አልሰጠም፤ «ጨጓራውስ? እሱም በዓይን ነው?» አለ። ቆራጩ ሳቀ። «ጨጓራ ሳይታጠብ ከመዘንክ ፈርስና ውሃ ነው የምትመዝነው። ታጥቦ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ ተቆራርጦ ነው መደብ ላይ የሚገባው።»

እስካሁን ዝም ብለው ሲያዳምጡ የነበሩት እትዬ ደግሞ ነገሩን ወደ ጓዳ ወሰዱት። «300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ታርዶ ሥጋው ከነአጥንቱ ከግማሹ እምብዛም አያልፍም። ለአሥር ሲካፈል 14 ወይ 15 ኪሎ ነው። ገና ረቡዕም ሆነ ዓርብ ቢውል ይበላል። እንደ 2018ቱ ረቡዕ ከዋለ ግን በሦስተኛው ቀን ዓርብ ነው፤ እንደ ወትሮው ጾም ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት በሁለት ቀን 15 ኪሎ ይጨርሳል? ለሚፈልግ ግማሽ መደብ ይፈቀድለት። ግማሽ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች አንድ ዕጣ ይጥሉና የደረሳቸውን እዚያው ለሁለት ይካፈሉ።» ማቀዝቀዣ የሌለው ምን ያድርግ ሲባሉም መልሳቸው ቋንጣ ነበር፦ በዕለቱ ይዘልዘል፤ ጨውና በርበሬ ይታሽ፤ ነፋስ በሚገባው ጥላ ሥር ይሰቀል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አወፍሮ ሲዘለዝለው ነው፤ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ይሸታል። ዝልዝሉ ከጣት መወፈር የለበትም፤ እርስ በርሱም መነካካት የለበትም።

የሙስሊም ጎረቤቶች ነገር ብዙ አላከራከረም። አንድ በግ በጋራ ገንዘብ ይገዛል፤ አርደው የሚያበስሉት ራሳቸው ናቸው፤ ቢላዋውም ድስቱም የእነሱው። ሁሉም ተስማማ።

እውነተኛው ሙግት የመጣው ከእንስሳት ሐኪሟ ነው። «ጥሬ የምንበላ ሰዎች ሆነን ስለ ግራም እንጨቃጨቃለን፤ በሬውን ግን የሚመረምረው የለም» አለች። የኮሶ ትል እጭ በሥጋ ውስጥ ሩዝ የሚያህል ነጣ ያለ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል፤ በብዛት የሚገኘውም ምላስ፣ ልብ፣ የመንጋጋ ጡንቻና ወርች ላይ ነው። እነዚህ በቢላዋ ተሰንጥቀው ይታዩ አለች። አዛውንቱ ቅር አላቸው። «እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ ቆርጠን በልተን ኮሶ እየጠጣን ኖረናል» ሲሉ፣ እሷም በትሕትና፣ «ኮሶ የጠጡት እኮ ትሉ ስለነበረብዎ ነው ጋሼ» አለቻቸው። እጩ ከተገኘ ጥሬው ይቅር፤ ሥጋው መሀሉ ድረስ ይብሰል፤ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ቀን በረዶ ሆኖ ይቆይ። ሌላም ጨመረች፦ በዋዜማው ማታ ከገበያ በእግር ተነድቶ የመጣ በሬ ሳያርፍ ከታረደ ደሙ በደንብ አይወርድም፤ ሥጋው ይጠቁርና ቶሎ ይበላሻል። ሁለት ቀን ቀድሞ ይገዛ፤ ውሃ አይከልከል፤ ድርቆሹ ግን ከታረደበት ቀን በፊት ማታ ይነሣ።

እኔ በመደቡ ላይ ከአዛውንቱ ጋር ነኝ። በኪሎ ዋጋ የሚከፈል ቅርጫ አቅም የሌለውን ጎረቤት በዓል በመጣ ቁጥር ወደ አጥንቱ ይገፋዋል፤ ይህን በምንም ዓይነት ልቀበለው አልችልም። ሚዛኑ ግን አይጣል፤ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ብልቱ ሁሉ ከተዳረሰ በኋላ አሥሩ መደቦች ይመዘኑ፤ ለማካካሻ ተብሎ ከተያዘው የአንገት ሥጋና ቁርጥራጭ ለጎደለው ይጨመር። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ልዩነት ከሆነ ይተው፤ አጥንት ባለበት ሥጋ ከዚያ በላይ ማስተካከል አይቻልም።

ዕጣው ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሰው ቁልፍም ሳንቲምም የራሱን ምልክት ይስጥ፤ ምልክቱን መደብ ላይ የሚያኖረው ግን የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ይሁን፤ ሥጋውን ሲቆርጥ የነበረ ሰው አይንካው። ቆዳውና ጭንቅላቱ ከዕጣው ወጥተው በሬው ሳይታረድ እዚያው በመካከል በጨረታ ይሸጡ፤ ገንዘቡም ከአራጁ ዋጋ ላይ ይቀነስ። ከታረደ በኋላ ቆዳውን ሁሉም በነጻ ይፈልገዋል።

በምርመራው ላይ ግን አዛውንቱን አልከተልም። ሐኪሟ ቢላዋ ይዛ ምላሱን፣ ልቡን፣ መንጋጋውንና ወርቹን ሳታይ አንድም ዕጣ አይነሣ፤ ጉበቱም ለቁርስ አይቀመስ።