ለሳይንስ የተተወች ክፍተት

ትናንት ማለዳ ከመገናኛ ወደ ቦሌ ስሄድ፣ ከፊቴ ካለው መኪና ጥቂት ራቅ ብዬ፣ ፍሬን ሳላበዛ በዝግታ እነዳ ነበር። ክፍተቷን የተውኳት ለሳይንስ እንጂ ለሚኒባስ አልነበረም፤ ሚኒባሱ ግን ገባባት፣ ረዳቱም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ይባረኩ አባቴ!» ሲል መረቀኝ።

እንግሊዛውያኑ የሒሳብ ሊቃውንት ጄምስ ላይትሂልና ጄራልድ ዊትሃም እ.ኤ.አ. በ1955 የመኪናን ጉዞ እንደ ወንዝ ፍሰት አስልተውታል። በአንድ ቦታ በሰዓት የሚያልፈው የመኪና ብዛት፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉት መኪናዎች በፍጥነታቸው ተባዝተው የሚገኝ ነው፤ መንገዱ ከልክ በላይ ሲጠቀጠቅ ፍጥነቱ እጅግ ስለሚወርድ የሚያልፈውም ያንሳል። ይህንን «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ለሚውል ረዳት ማን ያስረዳልኝ? እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ በታተመ የጃፓኖች ሙከራ፣ 22 መኪናዎች 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ እኩል ተራርቀው ሲዞሩ፣ መብራት ሳይዛቸው፣ የበግ መንጋ ሳያቋርጣቸው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በራሳቸው ተጨናነቁ። መኪናዎቹ ወደፊት ሲሄዱ መጨናነቁ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይጓዝ ነበር። መነሻው የአሽከርካሪዎቹ ጥቃቅን የፍጥነት መዋዠቅ ነው፤ ያቺ ክፍተቴ እንዲህ ያለውን ሞገድ ልታበርድ ነበር የተቀመጠችው።

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ ከኋላዬ ክላክሱን ሲያንባርቅ ለነበረው ሰው የተተረተ ይመስለኛል። የትራፊክ ፍሰት ተመራማሪው ካርሎስ ዳጋንዞ እ.ኤ.አ. በ1995 የውሃ ቅንጣት ከፊትም ከኋላም ለሚመጣባት ምላሽ ስትሰጥ፣ መኪና ግን በአብዛኛው ከፊቱ ላለው ብቻ እንደሚመልስ ጽፎ ነበር። የእኛን ክላክስ ቢሰማ ኖሮ ሐሳቡን ትንሽ ያሻሽል ነበር፤ እዚህ አገር ከኋላ የማይገፋ የለም።

መሃል መግባትን ካነሳሁ አይቀር፣ ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ጎሕ ሳይቀድ ተሰልፌ ሳለሁ፣ «ለመጠየቅ ብቻ ነው» ብሎ ከፊቴ የገባ ሰውዬ አለ። ጠየቀ፣ ፎርም ሞላ፣ ማኅተም አስመታ፣ ሄደ፤ መስኮቱም ለምሳ ተዘጋብኝ። ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ አልልም፤ የተሰለፈውን ሁሉ ሞኝ አድርጎ የሄደ ነውና።

ይህንን እያብሰለሰልኩ ሳለ ከፊቴ ያሉት ተንቀሳቅሰው ኖሮ፣ ሳላስበው ሌላ ክፍተት ተከፍቶ ሌላ ሚኒባስ ገባባት። የዚህኛው ረዳት ምርቃቱን እንኳ ነፈገኝ።